ሮማውያን ዕቃውም ሙያውም እያላቸው ስላልሠሯቸው ነገሮች፦ ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ለታሪክና ለሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች
ለትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ተጠሪ መምህራን

ጉዳዩ፦ ስለ ጥንት ሮማውያን ፈጠራ በሚሰጠው ትምህርት የእንፋሎት ኳሱ ምሳሌ በሌሎች እንዲተካ ስለ መጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

«ሮማውያን የእንፋሎት ሞተር በእጃቸው ነበር፤ ባሪያ ስለበዛላቸው ግን አልፈለጉትም» የሚለው አባባል ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ ሲዋረድ እስከ ዛሬ ደርሷል። ተማሪው ከዚህ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ሞተሩ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶት እንደነበር ያምናል፤ የጎደለውም ፍላጎት ብቻ ነው ብሎ ይደመድማል። የምንጠይቀው ምሳሌው እንዲቀየር ነው። ሮማውያን ሊሠሯቸው እየቻሉ ሳይሠሯቸው የቀሩ ነገሮች በእርግጥ አሉ። እነሱ ግን የባሕር መርፌ (ኮምፓስ)፣ የመነጽር ሌንስ፣ መፍተያ መንኮራኩር፣ ወረቀትና ከእርሳስ ብረት የሚሠራ የማተሚያ ፊደል ናቸው። ተማሪም በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አብዛኞቹን በእጁ ሊሞክራቸው ይችላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ሞተር የተባለውን የእንፋሎት ኳስ እንየው። የእስክንድርያው ሄሮን በ1ኛው ክፍለ ዘመን የገለጸው ዕቃ እንዲህ ነው፦ ከታች እሳት የሚነድበት ክድን ጋን፣ ከክዳኑ የሚነሣ ቱቦ፣ በላዩ ባዶ የብረታ ብረት ኳስ፣ ከኳሱ በተቃራኒ አቅጣጫ የታጠፉ ሁለት አፈሙዞች። እንፋሎቱ በአፈሙዞቹ ሲወጣ ኳሱ ይሽከረከራል። ችግሩ ኳሱ ከቱቦው ጋር በሚገጥምበት ቦታ ላይ ነው። ላላ ካደረጉት እንፋሎቱ በዚያ ያመልጣል፤ ካጠበቁት ደግሞ ሰበቃው ኳሱን ይይዘዋል። በሁለቱ መካከል በጥንቃቄ የተገጠመ ኳስም በጣም ይፈጥናል እንጂ ጉልበት የለውም። ማገዶው ብዙ፣ ሥራው ኢምንት ነው።

ከዚህ ኳስ ወደ እውነተኛው ሞተር የሚወስድ መንገድ የለም። በ1712 እንግሊዝ ውስጥ ደድሊ አጠገብ የቆመው የቶማስ ኒውኮመን የእንፋሎት ሞተር የሚሠራው በሌላ መርሕ ነው። ሲሊንደሩ በእንፋሎት ይሞላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲረጭበት እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይመለሳል፤ ውስጡ ባዶ ሲሆን የውጭው አየር ክብደት ፒስተኑን ቁልቁል ይጫነዋል። የሲሊንደሩ ወርድ 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የፒስተኑ ገጽ 2,200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከአየሩ ግፊት ግማሹ ብቻ እንኳ ቢሠራ አንድ ቶን ያህል ይስባል። ይህን ለመሥራት የአየርን ክብደት ማወቅ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በ1643 ከጣሊያናዊው ሳይንቲስት ከቶሪቼሊ ሙከራ በኋላ የመጣ ዕውቀት ነው። ያን ያህል ሰፊና ክብ ሲሊንደርም ያስፈልጋል፤ ሮማውያን ለውሃ መግፊያ የሚሠሯቸው የነሐስ ሲሊንደሮች ትንንሽ ነበሩ። የመጀመሪያው ሞተር የተተከለው ደግሞ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ አፍ ላይ ነው፤ የሚበላው ከሰል ለሽያጭ የማይሆን ቢሆንም አይጎዳም ነበር። እንግዲህ ሮማውያን ከሦስቱ አንዱንም አላሟሉም።

ባርነትን በተመለከተ ሰበቡ ፈጽሞ ሐሰት ነው አንልም። ግን ብቻውን አይበቃም። ደቡብ ፈረንሳይ፣ አርል አጠገብ ባርቤጋል በሚባል ቦታ በ2ኛው ክፍለ ዘመን 16 የውሃ መንኮራኩሮች በአንድ ተዳፋት ላይ ወፍጮ ያዞሩ ነበር። በዛሬዋ ቱርክ በሂዬራፖሊስ በ3ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይ መቃብር ላይ የተቀረጸ ሥዕል ደግሞ የውሃ መንኮራኩር በክራንክና በማገናኛ ዘንግ የድንጋይ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ሲጎትት ያሳያል። የሰው ጉልበት ርካሽ ስለሆነ ማሽን አልተፈለገም ከተባለ እነዚህን ማን አሠራቸው? ዓምድ በጥቂት ወጪ ማጓጓዝ እችላለሁ ያለውን መሐንዲስ ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን ሕዝቡን ላብላበት ብሎ እንደመለሰው የታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒየስ ይተርካል። ያንኑ መሐንዲስ ግን ጥሩ አድርጎ እንደሸለመው እዚያው ተጽፏል፤ ብዙ ሰው ታሪኩን የሚጠቅሰው ይህን ግማሽ ትቶ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፈጠራ ሦስት ጥያቄ ይቅረብ። ዕቃው በገበያ ነበር ወይ? ሙያው በአንድ ሰው እጅ ነበር ወይ? ዕቃው በተሠራበት በመጀመሪያው ቀን ለሠሪው ጥቅም ይሰጥ ነበር ወይ? ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚጠቅም ነገር ዛሬ ሆዱን የሚያስር ባለሙያ የለም።

የባሕር መርፌው ሦስቱንም ያልፋል። ገጣሚው ሉክሪቲየስ ማግኔት ድንጋይ የብረት ቀለበቶችን አንዱን ከአንዱ ሥር አንጠልጥሎ እንደሚይዝ ጽፏል። ሽማግሌው ፕሊኒም ብረት ይህን ኃይል ከድንጋዩ እንደሚወርስ ያውቅ ነበር። መርፌ ነበራቸው፤ ከኖሪኩም፣ ማለትም ከዛሬዋ ኦስትሪያ አካባቢ፣ የሚመጣ ምርጥ አረብ ብረት ነበራቸው፤ ቡሽም ነበራቸው። ያልተደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የታሸውን መርፌ በነፃ እንዲዞር ለቅቆ መመልከት። ሁሉም የተመለከተው ድንጋዩ ብረት መሳቡን ነው፤ ወዴት እንደሚያዞረው የጠየቀ አልተገኘም። ቻይናዊው ሼን ኩዎ በ1088 ገደማ ጻፈው፤ በአውሮፓ ደግሞ እንግሊዛዊው ምሁር አሌክሳንደር ኔካም በ1190 አካባቢ።

ጥቅሙ ሩቅ አልነበረም። ሮማዊው የጦር ጉዳይ ጸሐፊ ቬጌቲየስ እንደጻፈው የሜድትራንያን ባሕር ከኅዳር 11 እስከ መጋቢት 10 በአውሮፓውያኑ ቀን ለመርከብ ዝግ ነበር። ማዕበሉ አንድ ምክንያት ነው፤ ሌላው ቀኑ አጭር፣ ደመናው ወፍራም ስለሚሆን ፀሐይና ኮከብ መጥፋታቸው ነው። የግብፅ እህል ለሮም ሕዝብ የሚደርሰው በዚህ ባሕር ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጣሊያን ከተሞች መርከቦች በክረምት መውጣት ሲጀምሩ መርፌው ትልቅ ድርሻ ነበረው። በቀይ ባሕር በኩል ነገሩ ይለያል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ አዱሊስንና አክሱምን ይጠቅሳል። ከዚያ ወደ ሕንድ የሚሻገር መርከበኛ ግን በየወቅቱ አቅጣጫውን የሚቀይረውን ነፋስ ይዞ ስለሚሄድ ነፋሱ ራሱ መሪው ነበር።

ሙከራው እንዲህ ይሠራ። ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የልብስ መርፌ ይወሰድ። በማግኔት አንድ ጫፍ ብቻ፣ ከመርፌው ቀዳዳ ወደ ሹሉ ጫፍ፣ በአንድ አቅጣጫ 40 ጊዜ ይታሽ፤ ሲመለስ እጅ ከመርፌው ይነሣ። ወዲያ ወዲህ ካሹት የመጀመሪያውን ሥራ ሁለተኛው ያፈርሰዋል። ከዚያ በስስ የቡሽ ቁራጭ ላይ ጋድሞ በሸክላ ወይም በእንጨት ሳህን ውሃ ላይ ይንሳፈፍ። አብዛኛው ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሳህኑ ጎደል ካለ ቡሹ ወደ ጠርዝ ተስቦ ይጣበቅና መርፌው አይዞርም። ውሃው ከከንፈሩ ትንሽ ቀና እስኪል ድረስ ሳህኑ ቢሞላ ቡሹ መሐል ላይ ይቆማል። በአንድ ሜትር ውስጥ ሚስማር፣ የብረት እግር ያለው ጠረጴዛ ወይም ስልክ አይኑር። ለስላሳ ሽቦ ቢጠቀሙ ቶሎ ይለቅቃል፤ ጠንካራ አረብ ብረት ግን ይዞ ይቆያል። አገራችን ለዚህ ሙከራ ከሮም ትሻላለች። የምድር የማግኔት ወገብ በእኛ በኩል ስለሚያልፍ የመሬት ማግኔት ጉተታ እዚህ ወደ አግድም ያዘነበለ ነው፤ መርፌው አፍንጫውን ወደ ታች ሳይደፋ በእርጋታ ይዞራል። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ይኸው ቅርበት ነበር።

ሌንሱ ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ሮማውያን አጉልቶ ሲያሳይ በዓይናቸው አይተውታል። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ትንንሽና ደብዛዛ ፊደል ውሃ በተሞላ የብርጭቆ ኳስ ሲታይ ተለቅ ብሎና ጠርቶ እንደሚታይ ጽፏል። ታዲያ ለምን አላደረሰውም? ምክንያቱን የሰጠው ለእርጥበት ነው፤ በውሃ ውስጥ የሚታይ ሁሉ ይተልቃል አለ። ማጉሊያው የኳሱ ጎባጣ ቅርጽ መሆኑን ስላላየ ውሃውን አውጥቶ ብርጭቆውን ራሱን ድፍን አድርጎ ማጉበጥ አልታሰበውም። ትክክለኛ ዕይታ ላይ የተሳሳተ ማብራሪያ ሲለጠፍ ፍለጋው እዚያው ይቆማል፤ ለተማሪ ከዚህ የበለጠ የሳይንስ ትምህርት አናውቅም።

ዕቃው ነበር። ሮማውያን በአንቲሞኒ ወይም በማንጋኒዝ ቀለሙን አጥፍተው ጥርት ያለ ብርጭቆ ይሠሩ ነበር፤ ከናክሶስ ደሴት የሚመጣ የመሞረጃ ድንጋይም ነበራቸው። ለሽማግሌ ዓይን የሚሆን ሁለት ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ሌንስ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ በሌላው ደግሞ ራዲየሱ 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ኳስ ላይ የተቆረጠ ያህል ጎባጣ ነው፤ ብርሃኑን የሚሰበስበው 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ወርዱ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መሐሉ ከጠርዙ የሚወፍረው በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው! ይህን ጉብታ ለማውጣት ብርጭቆው በዚያው መጠን በጎደጎደ የነሐስ ሳህን ውስጥ ከውሃና ከመሞረጃ ዱቄት ጋር ይታሻል፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በደቃቁ፣ በመጨረሻ በቆዳ ላይ። በእያንዳንዱ ለውጥ መካከል ሁሉም ነገር ካልታጠበ አንዲት የሻካራ ፍሬ ሥራውን ሁሉ ትቧጭረዋለች። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ካሹት ደግሞ ጉብታው ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ፊደሉም ተንጋድዶ ይታያል። ስለዚህ እጁ በክብ ሲሄድ ብርጭቆው በጣቶች መካከል ቀስ እያለ ይዞራል። የማኅተም ቀለበት ድንጋይ የሚቀርጹ ሮማውያን ይህን የመሰለ ሥራ በየቀኑ ይሠሩ ነበር። ዕድሜያቸው 45 ሲያልፍ ዓይናቸው ቅርብ ማየት የሚያቅተው እነዚያው ቀራጮችና ጸሐፊዎች ናቸው፤ መነጽር ለእነሱ እንጀራ ነበር። የተሠራው ግን በ1286 ገደማ በጣሊያን ነው።

መፍተያ መንኮራኩሩን በአጭሩ እናንሣው። የሮማ ሴቶች ሱፍና ተልባ እግር (የበፍታ ጭረት) የሚፈትሉት ተማሪው ከእናቱ ወይም ከአያቱ እጅ በሚያውቀው በእንዝርት ነበር። ለአንድ ሸማኔ ብዙ ፈታዮች ያስፈልጋሉ፤ ልብስን የሚያስወድደው መሸመኑ ሳይሆን መፈተሉ ነው። እንዝርቷን አጋድሞ በሁለት ቅንፍ ላይ ማስቀመጥ፣ ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ መንኮራኩር ከጎኗ ማቆም፣ ሁለቱን ጫፍና ጫፉ በተያያዘ ገመድ ማገናኘት ብቻ ነው። ገመዱ በእንዝርቷ ላይ የሚያርፍበት ቦታ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መንኮራኩሩ አንዴ ሲዞር እንዝርቷ 30 ጊዜ ትዞራለች። ገመዱ ከላላ ይንሸራተታል፤ ሙጫ ቢቀቡት ይይዛል። ሱፍና ጥጥ ለዚህ ይስማማሉ፤ ረጅሙ የበፍታ ጭረት ግን በረጠበ ጣት መሳብ ስለሚፈልግ በእጅ እንዝርት ይሻለዋል። እንግዲህ ሮም ብትሠራው ኖሮ መጀመሪያ የሚረክሰው ሱፍ ነበር።

ትልቁን ነገር ወደ መጨረሻ ያመጣነው ሰፊ ስለሆነ ነው፤ ማተሚያውን። በጥንታዊቷ የጣሊያን ከተማ በሄርኩላኒየም በ79 በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ከስሎ የተገኘ ዳቦ ላይ ኬሌር የሚባል የአንድ ባለ ሀብት ባሪያ ስም በማኅተም ታትሟል። የጡብ ሠሪዎች ማኅተም በመላ ሮም ይገኛል። የውሃ ቱቦ ሠሪዎች እርሳስ አቅልጠው አሸዋ ላይ ከማፍሰሳቸው በፊት ጽሑፍ የተቀረጸበትን ማኅተም አሸዋው ላይ ይጫኑ ነበር፤ እርሳሱ ሲቀዘቅዝ ፊደሉ ጎርበጥ ብሎ ይወጣል። የሳንቲም ቀራጮች ፊደልን ገልብጠው መቅረጽ ዕለታዊ ሥራቸው ነበር። በብሎን የሚወርድ መጭመቂያ በወይንና በዘይት ቤት፣ ጨርቅ በሚያስተካክሉ ሰዎች ዘንድም ነበር፤ አንዱ የጨርቅ መጭመቂያ በሄርኩላኒየም ከስሎ እስከ ዛሬ አለ። ሮማዊው ተናጋሪና ጸሐፊ ኪኬሮ እንዲያውም ቁጥር ስፍር የሌላቸው የላቲን ፊደላት ከወርቅ ተሠርተው መሬት ላይ ቢበተኑ በአጋጣሚ ግጥም ይሆናሉ ወይ ብሎ ጠይቋል። ተነቃቃይ ፊደሉ በሐሳብ ደረጃ እንኳ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ወደ ማተሚያ ለመድረስ የጎደሉት አራት ናቸው፤ ክብደታቸውም እኩል አይደለም። ቀለሙ ቀላሉ ነው። በጥላሸትና በሙጫ የሚዘጋጀው የጸሐፊ ቀለም ብረት ላይ እንደ ጤዛ ይንጠባጠባል እንጂ አይለጠፍም። የተልባ ዘይት እስኪወፍር ተፈልቶ ጥላሸት ቢደባለቅበት ይጣበቃል፤ ሱፍ በተሞላ የቆዳ ኳስ ይቀባል። ተልባውም ጥላሸቱም ሮም ውስጥ ነበሩ። ሁለተኛው የፊደሉ ብረት ነው። ንጹሕ እርሳስ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ለስላሳ ስለሆነም ቶሎ ይደፈጠጣል። አንቲሞኒ ሲገባበት ይጠነክራል፣ የቅርጹንም ማዕዘን ሞልቶ ይወጣል። በኋለኛው ዘመን ሊኖታይፕ የተባሉት የፊደል መልቀሚያ ማሽኖች የሚጠቀሙበት ድብልቅ ከመቶው 84 እርሳስ፣ 12 አንቲሞኒ፣ 4 ቆርቆሮ ያህል ነው። ሮማውያን የአንቲሞኒን ድንጋይ ለዓይን ኩል ይጠቀሙበት ነበር፤ ከእርሳስ ጋር አቅልጦ ለፊደል ማዋል ግን ሙከራ ይጠይቃል። ሦስተኛው የመጣያ ቅርጹ ነው፤ ጀርመናዊው አታሚ ጉተንበርግ በ1450ዎቹ የደከመበትም ዋናው ይኸው ነው። ፊደሎቹ በወርድ ይለያያሉ፣ በቁመት ግን ሁሉም እኩል መሆን አለባቸው። አንዷ ፊደል በግማሽ ሚሊ ሜትር ብታጥር ቀለም አትነካም፤ ብትረዝም ወረቀቱን ትበሳለች። ፊደል ለቃሚ የነበረ ሰው ይህን በጣቱ ያውቀዋል።

አራተኛውና ከባዱ የሚታተምበት ነገር ነው። ፓፒረስ (ከደንገል የሚሠራው የጥንት መጻፊያ) ሁለት ንብርብር ጭረት ስለሆነ ገጹ ወጣ ገባ ነው። ብራና ጥሩ ያትማል፤ ግን ከጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱሶች በብራና የታተመ አንዱ ቅጂ ብቻ 170 ያህል የጥጃ ቆዳ ይፈልጋል። መቶ ቅጂ 17,000 ጥጃ ነው። በዚህ ሒሳብ ማተሚያ የጸሐፊውን ድካም ቢያስቀርም ከወጪው ትልቁን አይነካም። ስለዚህ አስቀድሞ መሠራት የነበረበት ወረቀት ነው። ቻይና ውስጥ ካይ ሉን በ105 ለቤተ መንግሥቱ አቅርቦታል። ሮም ደግሞ በአሮጌ የበፍታ ልብስ የተሞላች ከተማ ነበረች። ጨርቁን ቆራርጦ ለሳምንታት በውሃ ማላቆጥ፣ በሙቀጫ ወቅጦ እንደ አጥሚት ማቅጠን፣ በወንፊት ማንሣት፣ በጨርቅ መካከል ጨምቆ ማድረቅ፣ ቀለም እንዳይመጥጥ በቀጭን የቆዳ ሙጫ መንከር፤ ከእነዚህ ውስጥ ሮማዊ የማያውቀው ሥራ የለም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመውቀጡ ነው። ጭረቱ ካልደቀቀ ወረቀቱ እንደ ቆሎ ይጎረብጣል፤ ከመጠን በላይ ከተወቀጠ ውሃው በወንፊቱ አይወርድም።

የመጀመሪያ ቀን ጥቅም ነበረው ወይ? ለመጽሐፍ ሻጭ እንጃ፤ ለመንግሥት ግን አዎን። ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ በ301 ያወጣው የዋጋ ተመን አዋጅ በድንጋይ ተቀርጾ ቁርጥራጩ ከ40 በላይ ቦታዎች ተገኝቷል። በአንድ ገጽ 500 ጊዜ የሚታተም ነገር ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

«የላቲን ፊደል ጥቂት ስለሆነ ነው ማተም የቀለለው» የሚል ክርክር ሲመጣ ደግሞ መልሱ እዚያው ሮም ነው። በ1513 መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ በሮም ከተማ ታተመ፤ አሳታሚው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን፣ ቋንቋውን ያስተማረው ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ነው። የግዕዝ 26 ፊደላት በሰባት ቤት 182 ቅርጽ ይሆናሉ፤ የሮማውያን ላቲን 23 ነበር።

ሌሎች ጥቂት ነገሮች በአንድ መስመር ይበቃቸዋል። ግንበኞች ድንጋይ በባሬላ ሲሸከሙ 100 ኪሎው ለሁለት ሰው 50፣ 50 ይሆናል። ፊት ለፊት አንድ ጎማ ያለው የእጅ ጋሪ ላይ ሸክሙ ከጎማው 50 ሴንቲ ሜትር፣ እጀታው 150 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሣው 33 ኪሎ ነው። እርካብ ወደ አውሮፓ የገባው በ6ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን አቫሮች ከተባሉት ፈረሰኛ ሕዝቦች ጋር ነው፤ የሮማውያን ባለ አራት ቀንድ ኮርቻ ፈረሰኛውን በደንብ ስለሚይዝ እጦቱ ብዙም አልተሰማቸውም፤ ስለዚህ ይህን ምሳሌ ባይጠቀሙበት እንመክራለን። ዜሮ ግን ጥሩ ምሳሌ ነው። በእጅ የሚያዘው የሮማውያን መቁጠሪያ ሰሌዳ 207ን ሲያሳይ የአሥሩን ረድፍ ባዶ ይተወዋል፤ በሮማውያን ቁጥር አጻጻፍ ግን ለዚያ ባዶ ቦታ ምልክት አልነበረም። በግዕዝም ፪፻፯ ብለን እንጽፋለን፤ ዜሮ የለውም። ተማሪው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ስለዚህ በመጪው ዕትም የእንፋሎት ኳሱ ምንባብ በመርፌው፣ በሌንሱና በወረቀቱ እንዲተካ እንጠይቃለን። ለክበባት ሁለት ማሳሰቢያ አለን። እርሳስ ማቅለጥ ጭሱ መርዝ ስለሆነ በትምህርት ቤት አይሞከር፤ ለፊደሉ እንጨት ወይም ድንች ቀርጾ በተልባ ዘይትና በጥላሸት ማተም ይበቃል። የሄሮንን ኳስ መሥራት የሚፈልግ ቡድንም ካለ ጋኑን በፍጹም አይድፈን፤ አፈሙዝ ቢዘጋ የሚፈነዳው ጋኑ ነው። ሥራው በመርፌው ይጀመር። ሳህን፣ ቡሽ፣ መርፌና ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ ማግኔት ብቻ ይበቃል፤ መርፌው ተገፍቶ ሲለቀቅ ስንት ጊዜ ተወዛውዞ እንደሚቆም እያንዳንዱ ቡድን ቆጥሮ ይመዝግብ፤ በሳምንቱም በዚያው መርፌ ደግሞ ይቁጠር።

ከሰላምታ ጋር
የጥንት ሙያና ቴክኖሎጂ ታሪክን የምናጠናና የምናስተምር